የቤት ፕሪንተር ሲገዙ፦ ከማሽኑ ዋጋ በፊት የገጹን ዋጋ ያስሉ

ሱቅ ገብቶ «ርካሹ ፕሪንተር የቱ ነው?» ብሎ ለጠየቀ ሰው ባለሱቁ ብዙ ጊዜ የሚያወርድለት ቀላሏን፣ ነጯን፣ ሁለት ትንንሽ ካርትሪጅ የምትወስደውን ማሽን ነው። እውነትም ከተደረደሩት ሁሉ ርካሿ እሷ ናት። ችግሩ የሚመጣው ካርትሪጁ ባለቀ ቀን ነው። አምራቾቹ ማሽኑን በትንሽ ትርፍ ወይም ያለ ትርፍ ሸጠው ገንዘባቸውን የሚሰበስቡት ከቀለሙ ነውና፣ ገዢው ቀለሙን ሳያሰላ ማሽኑን ብቻ አይቶ እንዲወስን ይፈልጋሉ። ይህ መመሪያ በተቃራኒው ይሄዳል፤ ማሽኑ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የብር ዋጋዎች ለማስላት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምምና፣ እርስዎ በሚገዙበት ቀን ሱቁ የነገረዎትን ዋጋ በቦታው ይተኩ። የገጽ ብዛቶቹ ግን አምራቾቹ ራሳቸው ያወጧቸው ናቸው።

1. በወር ስንት ገጽ እንደሚያትሙ ይጻፉ

ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙና ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት ያስታውሱ። የልጆች የቤት ሥራና ወርክሺት፣ ሲቪና ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ ለዕድር ወይም ለማኅበር የተባዛ ወረቀት፣ ሁሉንም ይቁጠሩ። ሦስት ቁጥር ያስፈልግዎታል፦ በወር ስንት ጥቁር ገጽ፣ ስንት ባለቀለም ገጽ፣ ስንት ጊዜ ኮፒ ወይም ስካን።

ሰው በአፉ ሲገምት ያበዛል። «በወር 200 እናትማለን» ያለ ቤተሰብ ሲቆጥር 40 ገጽ ላይ ሊቆም ይችላል። መምህር ከሆኑና ለፈተና ሰሞን ብቻ የሚያትሙ ከሆነ የዓመቱን ጠቅላላ ለ12 ያካፍሉ፤ ክረምት ላይ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንደሚቀመጥም ያስታውሱ። ይህ ነጥብ ዓይነቱን ስንመርጥ ተመልሶ ይመጣል።

2. ሦስቱን ዓይነቶች ይለዩ

ካርትሪጅ የሚወስድ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ፕሪንተር)፦ እንደ ኤችፒ ዴስክጄት 2320 እና 2720 ያሉት ናቸው። የሚወስዱት 305 ካርትሪጅ ጥቁሩ 120 ገጽ፣ ከለሩ 100 ገጽ ያህል ነው የሚያትመው። በሌላ አነጋገር አንድ ደስጣ ወረቀት (500 ቅጠል) በአንድ ፊት ለመጨረስ አራት ጥቁር ካርትሪጅ አይበቃም።

ታንክ ያለው ኢንክጄት፦ ቀለሙ ከጠርሙስ ወደ ጎኑ ታንክ ይገለበጣል። ኤፕሰን ኤል3210 እና ኤል3250፣ የካነን ፒክስማ ጂ ተከታታይ፣ ኤችፒ ስማርት ታንክ እዚህ ይመደባሉ። የኤፕሰኖቹ 65 ሚሊ ሊትር ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ፣ ሦስቱ ከለሮች ተደምረው 7,500 ገጽ ይሰጣሉ። የካነን 490 ጥቁር ጠርሙስ 6,000 ገጽ ነው። ማሽኑ ውድ ነው፤ ቀለሙ እጅግ ርካሽ ነው።

ጥቁር ሌዘር፦ በዱቄት ቶነር የሚሠራ። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 (85ኤ ቶነር፣ 1,600 ገጽ)፣ ካነን ኤልቢፒ6030 (725 ቶነር፣ 1,600 ገጽ)፣ የቆዩት ሌዘርጄት 1020 (12ኤ፣ 2,000 ገጽ) እና ካነን ኤልቢፒ2900 (703፣ 2,000 ገጽ)። አዲሱ ኤችፒ ሌዘር 107ኤ የሚወስደው ቶነር 1,000 ገጽ ነው።

ከለር ሌዘርን ለቤት አልመክርም፤ አንድ ሳይሆን አራት ቶነር መግዛት ይኖርብዎታል።

በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የገጽ ብዛት እንዴት እንደሚያነቡት ማወቅ አለብዎት። የጥቁር ቶነሩ ቁጥር የሚለካው አይኤስኦ/አይኢሲ 19752 በሚባል ደረጃ ነው፤ የሚታተመው መለኪያ ገጽ ከወረቀቱ 5 በመቶ ያህሉን ብቻ የሚሸፍን ጽሑፍ ነው፤ ማለትም አጭር ደብዳቤ ነገር። ሥዕል ያለበት የልጆች ወርክሺት ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሰንጠረዥ ከዚያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ስለዚህ 1,600 የተባለው ቶነር እርስዎ ቤት 800 ቢያትም ተታለልኩ አይበሉ።

ሌላው ከአዲስ ማሽን ጋር የሚመጣው ቶነር ነው። የ107ኤ መነሻ ቶነር 500 ገጽ ብቻ ነው፤ ከሚሸጠው ግማሹ። «ቶነሩ አብሮት አለ» ሲሉዎት «የስንት ገጽ?» ብለው ይጠይቁ።

3. የገጹን ዋጋ ያስሉ

ስሌቱ ቀላል ነው። የቀለሙን ዋጋ ለገጹ ብዛት ያካፍሉ፤ የወረቀቱን ዋጋ ለ500 ያካፍሉ፤ ሁለቱን ይደምሩ።

ጥቁር ካርትሪጁን 2,400 ብር ቢሉዎት፣ ለ120 ሲካፈል 20 ብር በገጽ ነው።
ኮፒ (ሌላ ፋብሪካ አስመስሎ የሠራው) 85ኤ ቶነር 1,200 ብር ቢሆን፣ ለ1,600 ሲካፈል 75 ሳንቲም።
የታንኩ ጥቁር ጠርሙስ 1,350 ብር ቢሆን፣ ለ4,500 ሲካፈል 30 ሳንቲም።
ደስጣ ወረቀት 700 ብር ቢሆን፣ አንዱ ቅጠል 1 ብር ከ40።

እዚህ ጋ ቆም ብለው ይመልከቱ። በሌዘርም በታንክም ወረቀቱ ከቀለሙ ይበልጣል። ብዙ ሰው በ75 እና በ30 ሳንቲም መካከል ያለውን ልዩነት ሲያሰላ ይውላል፤ ወረቀቱን በፊትና ጀርባ ቢያትም ግን ከሁለቱ ልዩነት የበለጠ፣ በገጽ 70 ሳንቲም ይቆጥባል። ርካሾቹ ማሽኖች ወረቀቱን ራሳቸው አይገለብጡም። በእጅ መገልበጥ ይቻላል፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ገጾችን አትመው፣ ወረቀቱን መልሰው አስገብተው ሙሉዎቹን ያትማሉ። ወረቀቱ በየትኛው ፊት እንደሚገባ ለማወቅ በአንድ ቅጠል ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ይሞክሩ።

4. ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋር ያወዳድሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ይሄ ነው። ሰፈርዎ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጥቁር ገጽ በ5 ብር ያትማል እንበል፣ ወረቀቱን ጨምሮ። በወር 50 ገጽ የሚያትም ቤተሰብ በሦስት ዓመት 1,800 ገጽ ያትማል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት 9,000 ብር ይከፍላል።

ያው ቤተሰብ ካርትሪጅ የምትወስደውን ማሽን በ9,000 ብር ቢገዛ፣ ለቀለም ብቻ 36,000 ብር ያወጣል፤ በማሽኑ ሲደመር 45,000፤ ወረቀቱ ገና ነው። አዲስ ሌዘር በ20,000 ቢገዛ ቶነሩና ወረቀቱ 3,870 ብር ተጨምረው ወደ 24,000 ይጠጋል። ታንኩን በ28,000 ቢገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የመጣው ቀለም ለሦስቱ ዓመት ሳይበቃው አይቀርም (የመጀመሪያው ሙሌት ቱቦዎቹን ለመሙላት ጥቂት ይወስዳል)፤ ወረቀቱን ጨምሮ ከ30,000 በላይ ይሆናል።

ስለዚህ በወር 50 ጥቁር ገጽ ለሚያትም ቤት በገንዘብ ብቻ ካየነው የሚያዋጣው አለመግዛት ነው። ባለሱቅ ይህን አይነግርዎትም።

መግዛት የሚጀምረው ከየት ነው? የፎቶ ኮፒ ቤቱን 5 ብር ይውሰዱ፤ ከእሱ ላይ የሌዘሩን ቶነርና ወረቀት 2 ብር ከ15 ሲቀንሱ በገጽ 2 ብር ከ85 ይተርፍዎታል። የማሽኑን 20,000 ብር ለዚህ ሲያካፍሉ 7,000 ገጽ ያህል ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በወር 195 ገጽ። ፊትና ጀርባ ካተሙ ወደ 156 ይወርዳል። ያገለገለ ደህና ሌዘር በ9,000 ካገኙ ደግሞ 88 ገጽ በወር ይበቃል። በምሳሌው ዋጋ ጥቁር ብቻ ለሚያትም ቤት ያገለገለ ሌዘር የሚያሸንፈው በዚህ ነው።

ከለር ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ፎቶ ኮፒ ቤት ከለር ገጽ 25 ብር ቢጠይቅ፣ የታንኩ ገጽ ጥቁሩን፣ ሦስቱን ከለርና ወረቀቱን ጨምሮ 2 ብር ከ25 ያህል ነው። 28,000 ብሩ የሚመለሰው በ1,230 ገጽ ነው፤ በወር 34 ከለር ገጽ። መዋዕለ ሕፃናት የሚማር ልጅ ያለው፣ የሠርግ ጥሪ ወይም የትንሽ ንግድ ዋጋ ዝርዝር የሚያትም ሰው ታንክ ይግዛ። ሙሉ ገጽ ፎቶ ግን ከዚህ ስሌት ውጪ ነው፤ ቀለሙን በብዙ እጥፍ ይጠጣል።

በገንዘብ የማይለካውን እርስዎ ይጨምሩበት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ነገ የሚገባ ወረቀት አለ» የሚል ልጅ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር መስጠት የማይፈልጉት የባንክ ወይም የሕክምና ሰነድ፣ ወይም ፈተናው ከተማሪ እጅ እንዳይገባ የሚሰጋ መምህር። ለእነዚህ ሰዎች ጥቂት ሺህ ብር መክፈል ያዋጣል ብዬ አስባለሁ። ለሌላው ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይበቃል።

5. ማሽኑ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ያስቡ

ፈሳሽ ቀለም ይደርቃል፤ ዱቄት አይደርቅም። ክረምቱን ሙሉ የተዘጋ ሌዘር በመስከረም ሲከፈት ያትማል። ሁለት ወር ያልተነካ ኢንክጄት ግን ገጹን በነጭ መስመር ሊያወጣው ይችላል። በካርትሪጁ ማሽን ቀለም የሚረጨው ሄድ ካርትሪጁ ላይ ስለሆነ ካርትሪጁን መቀየር ይበቃል። በኤፕሰን ታንክ ማሽን ሄዱ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ ከደረቀ ጥገናው ለማሽኑ ዋጋ ሊጠጋ ይችላል። በማጽጃ ፕሮግራሙ ደጋግሞ ማጽዳትም ቀለም ይጨርሳል፤ የሚጸዳው ቀለም የሚጠራቀምበት ስፖንጅ ሲሞላ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ሥራ ያቆማል።

በዓመት ውስጥ ረጅም ጊዜ የማያትሙ ከሆነ ኢንክጄት አይግዙ። ከገዙም በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አራቱም ቀለም ያለበት አንድ ገጽ ያትሙ።

6. ጽሑፉን ይሞክሩ

ወደ ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ፋይል በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። በዎርድ ሳይሆን በፒዲኤፍ ያድርጉት፤ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ዎርድ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ማሽኑም ጥፋት ሳይኖርበት ይወገዛል።

ፋይሉ ላይ ትንሽ፣ 9 ወይም 10 ነጥብ አማርኛ ይኑር። የፊደላችን ልዩነት ትንሽ ቅጥያ ላይ ነው፤ ቀ እና ቁ፣ ለ እና ሉ፣ ጨ እና ጬ። ርካሽ ወረቀት ላይ ኢንክጄት ቀለሙን ይረጨውና ቅጥያው ይፈሳል፤ ሌዘር ጥርት ያደርገዋል። ፈተና ወይም ረጅም ጽሑፍ ለሚያትም ሰው ይህ ብቻ ሌዘርን ለማስመረጥ ይበቃል። ወረቀቱን 80 ግራም ይውሰዱ፤ ከዚያ የሳሳው ወረቀት ሲገለበጥ ይጣበቃል።

7. ያገለገለ ሲገዙ

መርካቶም ይሁን የቴሌግራም ሻጭ ቤት፣ ሳያትሙ አይክፈሉ። ሻጩን «ወንድሜ፣ አሥር ገጽ በተከታታይ አውጣልኝ» ይበሉት፤ አንድ ገጽ ሁልጊዜ ታምራለች። የሚመለከቱት፦

በእኩል ርቀት ተደጋግሞ የሚመጣ ነጥብ ወይም ጥላ ካለ ድራሙ (ዱቄቱን ወደ ወረቀቱ የሚያሸጋግረው ሲሊንደር) ወይም አንዱ ሮለር ተጎድቷል። በ85ኤ እና 12ኤ ድራሙ ቶነሩ ውስጥ ስለሆነ ቶነር መቀየር ሊፈታው ይችላል። በብዙ የብራዘር ማሽኖች ግን ድራሙ ለብቻው የሚሸጥ ክፍል ነው፤ ዋጋውን በስሌትዎ ያስገቡ።

ጽሑፉን በጣትዎ ያሹት። ከለቀቀ ዱቄቱን በሙቀት የሚያጣብቀው ክፍል ደክሟል፤ እሱን መቀየር ውድ ነው፤ ይተዉት።

ሁለት ወረቀት በአንዴ የሚስብ ወይም ጭራሽ የማይስብ ከሆነ ወረቀት ሳቢው ጎማ አልቋል። ይሄ ርካሽ ጥገና ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ይጠቀሙበት።

ጠቅላላ ያተመው ገጽ ስንት እንደሆነ በብዙ ማሽን ላይ የሚወጣው የማሽኑ ማሳወቂያ ገጽ ይነግርዎታል። «የቤት ነው፣ ብዙ አልሠራም» የተባለው 60,000 ገጽ ሲያሳይ አይገረሙ።

የቆዩት ማሽኖች ላይ ደግሞ ለኮምፒውተርዎ ድራይቨር መኖሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያረጋግጡ፤ በተለይ አዲስ ማክ ካለዎት። ከስልክ ማተም ከፈለጉም ዋይፋይ ያለው መሆኑን ይጠይቁ፤ ኤፕሰን ኤል3250 አለው፣ ኤል3210 የለውም።

8. ከውጭ የሚላክልዎት ከሆነ

አሜሪካ ያለች እህት «እዚህ ርካሽ ነው፣ ልላክልህ?» ስትል ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ቮልቴጅ። የአሜሪካ ሌዘር ማሽን ማሞቂያው የተሠራው ለ110–127 ቮልት ነው፤ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ለሌዘር የሚሆን መቀነሻ ትራንስፎርመር ደግሞ ትልቅና ውድ ነው። ብዙ ኢንክጄት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ከጀርባው ባለው ጽሑፍ ያረጋግጡ።

ሁለተኛ ካርትሪጁ። ኤችፒ ማሽኖቹንና ካርትሪጆቹን በክልል ይለያል፤ አሜሪካ የሚሸጠው ዴስክጄት 67 ካርትሪጅ ሲወስድ እዚህ ገበያ ያለው 305 ነው፤ አይገጣጠሙም። በቀለም ቁጥር ሱቅ ገብተው ሳይጠይቁ ማሽኑን አያስመጡ። በስሙ መጨረሻ «ኢ» የሚል ፊደል ያለባቸው፣ ኤችፒ ፕላስ በሚባለው አገልግሎት የተመዘገቡ ማሽኖች ደግሞ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ፣ ከኤችፒ ቀለም ሌላም አይቀበሉም። ለእኛ አይሆኑም።

9. መብራቱን አይርሱ

ሌዘር ሲያትም 300 ዋት እና ከዚያ በላይ ይስባል፤ ሲሞቅ ለአፍታ ከዚያም ይዘላል። ኮምፒውተርዎ ላይ ያለው ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰኩት፤ ዩፒኤሱ ይጠፋል ወይም ይበላሻል። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ወይም አቅሙ በሚችል ስታብላይዘር ላይ ይሰካ። ታንክ ኢንክጄት ሲያትም 15 ዋት አካባቢ ነው፤ በትንሽ ኢንቨርተርም ይሠራል። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ከቶነር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

መብራት ሌዘሩ እያተመ ከጠፋ ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል። እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና በሩን ከፍተው ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በቀስታ ይሳቡት። ኢንክጄት ላይ ከሆነ ሄዱ ከክዳኑ ውጪ ተንጠልጥሎ ይቀራልና፣ መብራት ሲመለስ ማሽኑን አብርተው ወደ ቦታው እንዲመለስ ያድርጉ። በዘወትርም ሲያጠፉት በራሱ ቁልፍ እንጂ ከሶኬት በመንቀል አይሁን።

10. ቶነር ስለመሙላት

85ኤ እና 12ኤ በሰፊው የሚሞሉ ቶነሮች ናቸው፤ ሌዘሩን ለመምረጥ ይህም አንድ ምክንያት ነው። ድራሙ ካልተቀየረ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ጠርዙ ላይ ጥቁር መስመር ማውጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ አዲስ ኮፒ ቶነር ይግዙ። ቺፕ ያላቸው አዳዲስ ማሽኖች የሌላ ፋብሪካ ቶነርን ሊከለክሉ ይችላሉ፤ ኤችፒም በሶፍትዌር ማሻሻያ የሌላ ቺፕ ይዘጋል። «አፕዴት ላድርግ?» ሲልዎት መጀመሪያ ቶነርዎ የማን እንደሆነ ያስቡ፤ ራሱ እንዳያሻሽል በማስተካከያው ውስጥ ማጥፋት ይቻላል።

ሲሞሉ ዱቄቱ ልብስ ላይ ከፈሰሰ አራግፈው በቀዝቃዛ ውኃ ይጠቡት። ሙቅ ውኃ ዱቄቱን ያቀልጠዋል፣ ነጠብጣቡም አይለቅም። በቤት ቫኪዩም አይጥረጉት፤ ዱቄቱ በማጣሪያው አልፎ አየር ውስጥ ይበተናል። በእርጥብ ጨርቅ ይሰብስቡት።